የይግባኝ ቀን ሊያልፍ ሲል የታየ ክፍተት፦ አንድ የጥብቅና ቢሮ አዲስ የሕግ ምሩቃንን መያዝ የተማረበት ጉዳይ

ጉዳዩ

አዲስ አበባ ውስጥ በሚሠራ አንድ አነስተኛ የጥብቅና ቢሮ፣ የአንድ ሹፌር የይግባኝ ጊዜ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ስህተቱ ተደረሰበት። ሹፌሩ ያለአግባብ ከሥራ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ከሶ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክሱ ውድቅ ሆኖበት ነበር። ፍርዱ ሲነበብ ችሎት ገብቶ ያዳመጠው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው የቢሮው የሕግ ረዳት ነው። ረዳቱ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ይግባኝ፣ 60 ቀን» ብሎ መዘገበ፤ የመጨረሻውን ቀንም ቆጥሮ አስቀመጠ።

ቆጠራው ትክክል ነበር፤ የተሳተው ሕጉ ነው። 60 ቀን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 323 ለመደበኛ ይግባኝ የሰጠው ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለሥራ ክርክር ይግባኝ የሚሰጠው 30 ቀን ብቻ ነው። ከቢሮው ሁለት ጠበቆች ታላቁ በ26ኛው ቀን የደንበኛውን ቀሪ ክፍያ ለማየት ፋይሉን ሲከፍቱ ነገሩን አዩት። ይግባኙ በ29ኛው ቀን ተከፈተ።

ታላቁ ጠበቃ ረዳቱን «እርግጠኛ ካልሆንክ ለምን አልጠየቅኸኝም?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነበርኩ። ባልሆንም ኖሮ ሁልጊዜ ሲጣደፉ ነው የማገኝዎት» አላቸው። ጉዳዩ እንዲመዘገብ ያደረገው ይህ መልስ ነው። ልጁ ሕጉን ያውቃል፤ የመውጫ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፏል። የጎደለው በዩኒቨርሲቲ ትምህርትና በችሎት ሥራ መካከል የሚያሻግረው ሰውና ሥርዓት ነበር። ከዚህ በታች የሚቀርበው ቢሮው ያንን ለመሙላት ያደረገው ነው። ሰዎቹና ቢሮው እንዳይለዩ ስም፣ አድራሻና የመዝገብ ቁጥር አልተጠቀሰም።

መነሻው

ቢሮው በየራሳቸው ፈቃድ የሚሠሩ ሁለት ጠበቆች በጋራ የተከራዩት ነው። አብዛኛው ሥራቸው የውል፣ የውርስና የሥራ ክርክር ነው። በአንድ የመኸር ወቅት ከተለያዩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ሦስት ምሩቃንን ቀጠሩ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ሦስቱም በሕግ ትምህርት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና አልፈዋል።

የሕግ ዲግሪ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው የሥራ ልምድንና የመግቢያ ፈተናን መስፈርት አድርጓል። ስለዚህ ምሩቁ ልምድ ለመሰብሰብ ቢሮ ይገባል፤ ፈቃድ ስለሌለው ግን ችሎት ቆሞ ለደንበኛ አይከራከርም። በዚህ መካከለኛ ጊዜ ምን ይሥራ የሚለውን ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ አያስብበትም። በዚህ ቢሮም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሦስቱ የሠሩት ፎቶ ኮፒ ማስደረግ፣ መዝገብ ቤት መሰለፍ፣ መጥሪያ ማድረስ፣ ቀጠሮ ሰምቶ መምጣትና የውሳኔ ግልባጭ ማውጣት ነበር። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ መዝገብ ቤቱን የማያውቅ ጠበቃ ይቸገራል። ዓመቱን ሙሉ ይህን ብቻ የሠራ ሰው ግን ክስ መጻፍ አይማርም።

ሁለተኛው ችግር ቋንቋ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ በአማርኛ ይሠራሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ከወጡት ሁለት ቅጂዎች የመጨረሻው ሕጋዊ ዋጋ ያለው አማርኛው ነው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ የመጀመሪያውን የክስ አቤቱታ ሲጽፍ ዐረፍተ ነገሩ የተተረጎመ ይመስላል፤ ድንጋጌውንም የሚያስታውሰው ሕጉ ባልጻፈው ቃል ነው። ይህ የእውቀት ማነስ ተደርጎ ሲቆጠርበት ይከፋዋል፣ ዝም ይላል። ዝም ያለ ረዳት ደግሞ «60 ቀን» ብሎ ይጽፋል።

ምርመራው ምን አሳየ

ጠበቆቹ ከይግባኙ ማግስት በረዳቶቹ እጅ ያለፉትን ፋይሎች ሁሉ አውጥተው አዩ። ስህተቶቹ በአንድ ልጅ ላይ አልተከማቹም፤ በሦስቱም ሥራ ውስጥ ተመሳሳይ ስህተት ነበር። አብዛኛው የመጣው ከአሮጌ ቅርጾች ነው። ቢሮው በኮምፒዩተር ውስጥ ለዓመታት ያጠራቀማቸው ናሙናዎች አሉት፤ ረዳቶቹ ከእነሱ እየገለበጡ ይጽፋሉ፣ ናሙናው የወጣበት ሕግ ግን ተሽሯል።

አንድ የብድር ክስ በ2,000,000 ብር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተረቆ ተገኘ። ናሙናው የተጻፈው አዋጅ ቁጥር 25/1988 በሥራ ላይ እያለ ነው፤ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሊያየው የሚችለው የክስ ገንዘብ ጣሪያ 500,000 ብር ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ጣሪያውን ወደ 10,000,000 ብር ስላሳደገ ክሱ መቅረብ ያለበት ለመጀመሪያ ደረጃው ነው። በሌላ የሥራ ክርክር መልስ ላይ የሙከራ ጊዜ 45 ተከታታይ ቀናት ተብሎ ተጽፏል፤ ያ የአዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው፣ በአዋጅ 1156/2011 ጊዜው 60 የሥራ ቀናት ሆኗል። የንግድ ማኅበር ጉዳይ ላይ ደግሞ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ቁጥሮች ተጠቅሰዋል፤ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከወጣ በኋላ እነዚያ ቁጥሮች ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው አሠራር ግን የጠበቆቹ ነበር። ረዳቱ ረቂቅ ያመጣል፤ ጠበቃው ጊዜ ስለሌለው ራሱ አስተካክሎ ያትመዋል፤ ረዳቱ ምን እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ ሳያይ ሰነዱ መዝገብ ቤት ይገባል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል። ሦስት ሰው ቀጥሮ የሁለት ሰው ሥራ መሥራት ማለት ይህ ነው።

የቀን መዝገብ

መጀመሪያ የተሠራው የቀን መዝገብ ነው። አንድ ትልቅ ባለመስመር ደብተር ተገዛና ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር ተሰጠው። በመስመሩ ላይ የሚጻፉት የመጨረሻው ቀን፣ ከእሱ ሰባት ቀን የሚቀድም የቢሮው ቀን፣ ቀኑን የሚወስነው የሕግ ቁጥር፣ የቆጠረው ሰው ፊርማና ለብቻው እንደገና የቆጠረው ሁለተኛ ሰው ፊርማ ናቸው። ደንቡ አንድ ነው፤ የሕግ ቁጥር ያልተጻፈበት ቀን ደብተሩ ውስጥ አይገባም። ረዳቱ ቁጥሩን ለመጻፍ ሕጉን መክፈት ስላለበት፣ የሹፌሩ ዓይነት ስህተት እዚያው ይያዛል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ይህ በተለይ ይረዳል፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ (መብትን በክስ ለመጠየቅ ሕጉ የወሰነው ጊዜ ማለፍ) ይታገዳል፤ በአንድ ደንበኛ ፋይል ውስጥ ሁለት ሦስት የተለያዩ ቀኖች ይኖራሉ ማለት ነው።

ሁለተኛ ቆጣሪ ለምን አስፈለገ? በጳጉሜ ምክንያት። ነሐሴ 20 ፍርድ የተሰጠበትን ጉዳይ ረዳቶቹ ወሩን በ30 እያሰቡ 30ኛውን ቀን መስከረም 20 ይሉ ነበር። ከነሐሴ 20 ማግስት ተጀምሮ ሲቆጠር ነሐሴ 30 ላይ 10፣ ጳጉሜ 5 ላይ 15፣ መስከረም 15 ላይ 30 ይሞላል፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14። አምስትና ስድስት ቀን በይግባኝ ጉዳይ ሁሉ ነገር ነው። ውሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ክሱ በኢትዮጵያ ሲቀርብም ይኸው ችግር አለ፤ ስለዚህ በደብተሩ ላይ ሁለቱም ቀኖች ይጻፋሉ። በወር የተቀመጠ ጊዜ በጳጉሜ ላይ ሲያልፍና አቆጣጠሩ ሲያጠራጥር፣ ቢሮው ከሚቻሉት ቀኖች ቀድሞ የሚመጣውን ይወስዳል። ክረምት የፍርድ ቤት ዕረፍት ነው ተብሎም ቀን አይገፋም።

ስልክ ላይ ያለ ማስታወሻ ብቻውን አልበቃም። ስልክ የአንድ ሰው ነው፤ ሰውየው ሲታመም ወይም ሥራ ሲለቅ ቀኑም አብሮ ይሄዳል። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ ማለዳ የሚገባ ሁሉ ያየዋል።

ረቂቅ የሚመለስበት መንገድ

ከሁሉም ለውጦች ብዙ ፍሬ ያፈራው ይህኛው ነው። ረዳቱ አቤቱታ ከመጻፉ በፊት አንድ ገጽ ማስታወሻ በአማርኛ ያዘጋጃል። ገጹ በሦስት ዓምድ ይከፈላል፤ በመጀመሪያው የሚረጋገጥ ፍሬ ነገር፣ በሁለተኛው የሚያረጋግጠው ሰነድ ወይም ምስክር፣ በሦስተኛው ፍሬ ነገሩ የሚያገለግልበት የሕግ ድንጋጌ ይሰፍራል። ከግርጌ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት፣ ይርጋና የሚጠየቀው ዳኝነት (ፍርድ ቤቱ እንዲወስን የሚለመነው) በብር ተሰልቶ ይጻፋል። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነ መስመር ካለ ክሱ አይጻፍም፤ ደንበኛው እንደገና ይጠራል። ማስታወሻው ካለፈ በኋላ አቤቱታው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 መሠረት ይረቀቃል፤ በቁጥር 223 የሚፈለገው የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝር አብሮት ይሠራል።

ጠበቃው ረቂቁን በእጁ እንዳይነካ ተወሰነ። በዳር በኩል ቁጥር ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር በሌላ ወረቀት አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ይጽፋል፤ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይመልሳል። የሚያስተካክለው ረዳቱ ነው። ከተመለሱት ረቂቆች ውስጥ ደጋግመው የታዩት አስተያየቶች እነዚህ ዓይነት ናቸው፦ «ተገቢው ዳኝነት ይሰጠኝ ማለት ምንም አለመጠየቅ ነው፤ ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም፣ በብር ጻፈው።» «ወለድ የት አለ? ውሉ ባይወስነው እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1751 በዓመት 9 በመቶ ይሰጣል።» «ወጪና ኪሳራ አልተጠየቀም።» «ይህ ምስክር ስለ ምን እንደሚመሰክር አልተገለጸም።» «ተከሳሹን መሳደብ ጭብጥ አይሆንም፤ ሰርዝ።» «በአንቀጽ አራት ላይ ያለው ስም የሌላ ደንበኛ ነው።» የመጨረሻው አሳፋሪ ነው፤ ከናሙና ሲገለበጥ ግን በየቢሮው ይደርሳል።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሥራ ጠበቆቹን ይጎትታቸው ነበር። አንድ ረቂቅ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ራሳቸው ቢጽፉት የሚወስደውን ጊዜ እጥፍ ይወስዳል። በሦስተኛው ወር አካባቢ ግን መመላለሱ ወደ አንድ ጊዜ ወረደ። ትዕግሥቱ የሚያስፈልገው ለእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ነው፤ ብዙ ቢሮዎች የሚያቋርጡትም እዚያ ላይ ነው።

የተመለሱት አስተያየቶች አልተጣሉም። በጉዳይ ዓይነት ተለይተው በአንድ ፋይል ተቀመጡ፤ አሮጌዎቹ ናሙናዎች ተሰርዘው በእያንዳንዱ አዲስ ናሙና ራስ ላይ የተመሠረተበት አዋጅ ቁጥርና የታየበት ቀን ተጻፈ። ሴቷ ረዳት ይህን የመጠበቅ ኃላፊነት ወሰደች፤ አዲስ አዋጅ በወጣ ቁጥር የትኛው ናሙና እንደሚነካ የምትለየው እሷ ሆነች። በሕግ እውቀት ፈጥና የበሰለችውም እሷ ናት።

ችሎት፣ መቃወሚያና ሰበር

ረዳት ችሎት የሚሄደው ቀጠሮ ሰምቶ ለመምጣት ብቻ ከሆነ የሚያመጣው ቀን ብቻ ነው። ቢሮው አንዲት ቅጽ አዘጋጀ፤ ዳኛው ምን ጠየቁ፣ የትኛው ወገን ምን መለሰ፣ ምን ትዕዛዝ ተሰጠ፣ ለምን ተቀጠረ። ቅጹ በዕለቱ ማታ ይሞላል። ካደረ ትዕዛዙ ይምታታል፤ «ለመልስ» የተቀጠረው «ለክስ መስማት» ይሆናል።

ከተቃራኒ ወገን ሆኖ ማሰብም ተለማመዱ። አንድ የተጠናቀቀ የክስ አቤቱታ ለሌላው ረዳት ይሰጣል፤ እሱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 የተዘረዘሩትን፣ ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ የሚነሱትን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች ይዞ ክሱን ለመጣል ይሞክራል፦ ሥልጣን፣ ቀድሞ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ፣ በሌላ ፍርድ ቤት ያለ ክርክር፣ የመክሰስ ችሎታ፣ ይርጋ፣ የግልግል ስምምነት። በጊዜው ያልተነሳ መቃወሚያ እንደተተወ ሊቆጠር እንደሚችል፣ ይርጋንም ተከራካሪው ካላነሳው ፍርድ ቤቱ በራሱ እንደማያነሳው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856) በዚህ ልምምድ ገባቸው። መጽሐፍ ላይ ሲያነቡት ያለፉት ነገር፣ የጓደኛቸውን ክስ ሲጥሉበት አይረሱትም።

ከሰበር ውሳኔዎች (መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የተባለ የመጨረሻ ፍርድ ከሚታይበት ችሎት) በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ውሳኔ ይነበባል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ወጣቶቹ በስልካቸው የሚዞሩትን የሁለት መስመር ማጠቃለያዎች እየጠቀሱ ይጽፉ ነበር። ሁለት መስመር ማጠቃለያ ፍሬ ነገሩን አይናገርም፤ ትርጉሙ በኋላ በሌላ ውሳኔ መቀየሩንም አይናገርም። አሁን ሙሉውን ያላነበበ ሰው መዝገብ ቁጥሩን አይጠቅስም።

ያልሠራው

ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ ትምህርት ተሞክሮ ነበር። ጠበቆቹ ተራ በተራ ስለ ውል፣ ስለ ውርስ ያስተምራሉ። ልጆቹ አምስት ዓመት የሰሙትን ዓይነት ትምህርት ደግመው ሰሙ እንጂ ከያዙት ፋይል ጋር አልተገናኘላቸውም፤ ቀረ።

የሳምንቱ የፋይል ውይይት መጀመሪያ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተቀጠረ። ችሎት ጠዋት ስለሚሰየም አንዱ ጠበቃ ሁልጊዜ ይቀራል፤ ከዚያ ሁለቱም ይቀራሉ። ወደ አርብ ከሰዓት፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ሲዛወር ጸና። አርብ የምሳ ሰዓት ስለሚረዝም መንግሥት ቤት የሚሄድ ሰው ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ ከሰዓቱ ለቢሮ ሥራ ይመቻል።

ሦስተኛው አደገኛ ነበር። አንደኛው ረዳት ያልገባውን ጉዳይ ለመጠየቅ የደንበኛን ውል ፎቶ አንስቶ ብዙ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፈው፤ ስምና ፊርማ ይታይ ነበር። የደንበኛ ምስጢር ግዴታ ነው፤ ፈቃድ ላለው ጠበቃ የዲሲፕሊን ጥያቄ ያስነሳል። ልጁ በክፋት አላደረገውም፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው። ቢሮው ቡድኑን አልከለከለም፤ ጥያቄ ሲለጠፍ ስም፣ ቦታ፣ ገንዘብና ቀን ተቀይሮ፣ ሰነድ ሳይያያዝ እንዲሆን ደነገገ። ከዚህም በላይ ጠበቆቹ በየቀኑ ከ10 ሰዓት እስከ 10፡30 በራቸውን ከፍተው ለጥያቄ ብቻ እንዲቀመጡ ተስማሙ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ባትኖር ክልከላው አይጠበቅም ነበር።

ሴቷ ረዳት የተለየ ችግር ነበረባት፤ ለረጅም ጊዜም ሳይታይ ቆየ። ደንበኞች ጸሐፊ ናት ብለው ያልፏታል፤ ጉዳያቸውን ለእሷ አይነግሩም፣ ሰነድ ብቻ ያቀብሏታል። ስለዚህ ከሦስቱ ደንበኛን የማነጋገር ልምድ ያነሰባት እሷ ሆነች። መፍትሔው ጠበቃው በመጀመሪያው ቀን «የሕግ ባለሙያዋ ናት፤ ጉዳይዎን ከእሷ ጋር ነው የሚጀምሩት» ብሎ አስተዋውቆ ከክፍሉ መውጣት ሆነ። መውጣቱ ወሳኝ ነው። እሱ ከተቀመጠ ደንበኛው ዓይኑን ከእሱ አይነቅልም።

ውል፣ ደመወዝና የልምድ ደብዳቤ

ሦስቱ ሲቀጠሩ የጽሑፍ ውል አልነበራቸውም። ቢሮው ለደንበኞቹ በአዋጅ 1156/2011 እየተከራከረ፣ በራሱ ግን አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጥ ያለውን በጽሑፍ የተፈረመ መግለጫ አልሰጠም ነበር። ይህ ተስተካከለ፤ ውል ተጻፈ፣ የሥራ ግብር መከፈል ጀመረ፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ገባ።

ለወጣቱ ይህ ከገንዘብ በላይ ነው። ነገ የጥብቅና ፈቃድ ሲጠይቅ ወይም ለነገረ ፈጅነት ሲወዳደር የሥራ ልምዱን በሰነድ ማሳየት አለበት፤ ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ ብዙ ቀጣሪዎች የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ያለውልና ያለግብር የተሠራ ሁለት ዓመት፣ በወረቀት ሲፈለግ የለም። ደብዳቤውም «ሠራተኛችን ነበሩ» ከማለት አልፎ የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዙንና የሠራውን የሕግ ሥራ ዓይነት መዘርዘር አለበት። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ረዳት የረቀቃቸውን ሰነዶች ዓይነትና ወር (የደንበኛ ስም ሳይኖር) የሚመዘግብበት ዝርዝር ይዟል። ደብዳቤው ከዚያ ይጻፋል።

ሦስቱ የደረሱበት

አንደኛው ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ወደ ዐቃቤ ሕግነት ሄደ። ይህ እንደ ውድቀት መታየት የለበትም። ወደ ዳኝነት፣ ወደ ዐቃቤ ሕግነት፣ ወደ ባንክና ኢንሹራንስ ነገረ ፈጅነት የሚሄድ ሁሉ ለሕግ ሙያው ነው የሚሠራው፤ ቢሮውም በስድስተኛው ወር ከእያንዳንዱ ረዳት ጋር ስለ ቀጣይ መንገዱ በግልጽ መነጋገርን ልማድ አደረገ። ሳይነገር የሚሄድ ልጅ ፋይሉን ሳያስረክብ ይሄዳል፤ የሄደው ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያውቀውን ሁሉ በጽሑፍ አስረክቦ ነው የወጣው።

የሹፌሩን ቀን የሳተው ልጅ አሁን የቀን መዝገቡ ኃላፊ ነው። ሴቷ ለፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀች ነው፤ በደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲሰጡ የተጣለባቸውን አገልግሎት በቢሮው የምታስተባብረው እሷ ናት። አቅም የሌላቸው ባለጉዳዮች መጀመሪያ እሷን ያገኛሉ፤ ባለአንድ ገጹን ማስታወሻ ትሠራለች፤ ጠበቃው ያየውና ይፈርማል። ለባለጉዳዩ እውነተኛ አገልግሎት ነው፤ ለእሷም ከማንኛውም የፈተና ዝግጅት የተሻለ ነው።

ወደ ሌላ ቢሮ ሲሻገር

ይህ ሁሉ ሁለት ጠበቃና ሦስት ረዳት ላለው ቢሮ ነው። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ አንድ ረዳት ቢይዝ ሁሉንም መገልበጥ አይችልም፤ አያስፈልገውምም። ምረጥ ከተባለ የቀን መዝገቡንና የረቂቅ መመለሻውን ይያዝ። ሁለተኛ ቆጣሪ ራሱ ይሁን፤ ረዳቱ ይቁጠር፣ ጠበቃውም የረዳቱን ሳያይ ለብቻው ይቁጠር፣ ከዚያ ይመሳከሩ። ረቂቅ ለመመለስ ጊዜ ካጣ በሳምንት አንድ ረቂቅ ብቻ ይምረጥና በደንብ ይመልስ፤ አምስቱን በቀይ እስክሪብቶ ከማቅላት አንዱን በምክንያት መመለስ ያስተምራል።

ክልል ላይ ያለ ቢሮ የራሱን ክልል የጥብቅና ሕግና የፍርድ ቤት ሥልጣን ጣሪያ ይዞ ናሙናዎቹን ማስተካከል አለበት፤ የፌዴራሉ 10,000,000 ብር እዚያ አይሠራም። ችሎቱ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚሠራ ከሆነ ማስታወሻውም ከመጀመሪያው ቀን በዚያው ቋንቋ ይጻፍ።

ለምሩቁ ራሱ ደግሞ፣ ወደ ቢሮ ሲገባ የሚጠይቃቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ የጽሑፍ ውል ይኖረኛል? የጻፍኩትን ማን ያያል፣ በስንት ቀን ይመልስልኛል? ጥያቄ ሲኖረኝ በየትኛው ሰዓት ማንን ላነጋግር? ሦስቱንም በግልጽ የሚመልስ ቢሮ ደመወዙ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ይመረጣል። ሁለተኛውን «እያየን እንሄዳለን» ብሎ የሚመልስ ቢሮ ግን የሹፌሩ ፋይል የደረሰበት ዓይነት ቢሮ ነው፤ እዚያ የሚገባ ልጅ የራሱን ደብተር ገዝቶ፣ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የሕግ ቁጥሩን እየጻፈ፣ በየሳምንቱ አርብ ለጠበቃው አሳይቶ ያስፈርም።